በሬዚያ ሐይቅ ሥር ስለቀረችው የኩሮን ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውሃ መሀል ብቻውን ብቅ ያለው የቤተ ክርስቲያን ማማ ፎቶ በየማኅበራዊ ሚዲያው ይዘዋወራል። ማማው ለኤሌክትሪክ ኃይል በተሠራ ግድብ ምክንያት በ1950 በውሃ የተዋጠችው የኩሮን ከተማ ቅሪት ነው። ከሥሩ ያለው ታሪክ ግን አብሮት አይዘዋወርም። በተለይ አውሮፓ የሚኖሩና ቦታውን ሄደው ማየት የሚፈልጉ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ያልናቸው ብቻ የተለዩ ናቸው።

ኩሮን የት ናት?

በሰሜን ጣልያን ቦልዛኖ አውራጃ፣ ደቡብ ቲሮል በሚባለው ክፍል ነው። ኦስትሪያም ስዊዘርላንድም ቅርብ ናቸው። ጣልያንኛው ስሟ ኩሮን ሲሆን ጀርመንኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿ ግራውን ይሏታል። ሐይቁም እንዲሁ ሬዚያ ወይም ረሸን ይባላል። በአካባቢው የመንገድ ምልክት ላይ ሁለቱም ስሞች ስለሚጻፉ ሁለቱንም ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,498 ሜትር ይደርሳል፤ ርዝመቱ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ወርዱ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ የሚያስቸግረው ብርዱና ነፋሱ ነው።

ከግድቡ በፊት እዚያ ሐይቅ አልነበረም?

ነበር። የአዲጄ ወንዝ የሚነሳው ከሬዚያ በር (ከተራራው መተላለፊያ) አጠገብ ነው፤ 410 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አድሪያቲክ ባሕር ይገባል፤ በጣልያን ከፖ ቀጥሎ ረጅሙ ወንዝ ነው። በሸለቆው አናት ላይ ሦስት የተፈጥሮ ሐይቆች በተርታ ነበሩ፤ የሬዚያ ሐይቅ፣ የኩሮን ወይም መካከለኛው ሐይቅ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሙታ ሐይቅ። ግድቡ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አንድ አደረጋቸውና በመካከላቸው የነበረውን እርሻና መንደር ሸፈነ። ሦስተኛው ዛሬም ከግድቡ በታች በሳን ቫለንቲኖ መንደር በኩል እንደ ጥንቱ አለ። የድሮው ሸለቆ ምን ይመስል እንደነበር ለማሰብ የሚፈልግ ሰው እዚያ ድረስ ወርዶ ቢያየው ጥሩ ነው።

ከተማዋን ያሰጠመው ውሳኔ ምን ነበር?

ሁሉም ነገር በሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ በ5 እና በ22። በ1920 የወጣው የመጀመሪያ ዕቅድ የሐይቁን ውሃ 5 ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ነበር። በዚያ ልክ ቢሠራ ዳር ዳሩ ያለ መሬት ይነካል እንጂ ከተማዋ ትተርፍ ነበር። ሕዝቡም ለዓመታት በሐሳቡ ይዞት የቆየው ይህንኑ ነው። በሐምሌ 1939 ሞንቴካቲኒ የተባለው የጣልያን ኩባንያ አዲስ ዕቅድ አቀረበ። ይህኛው ውሃውን 22 ሜትር ከፍ በማድረግ ሁለቱን ሐይቆች አገናኝቶ 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ የሚፈጥር ነው።

ኩባንያው ለምን ይህን ያህል ፈለገ? የአልፕስ ወንዞች በክረምት ይደርቃሉ ማለት ይቻላል። (እዚህ ገጽ ላይ ክረምት ስንል የአውሮፓን የብርድ ወራት ማለታችን ነው፤ የእኛን የዝናብ ወቅት አይደለም።) የተራራው ውሃ በረዶ ሆኖ እላይ ይታሰራል፤ ፋብሪካና ከተማ ኤሌክትሪክ አብዝቶ የሚፈልገው ግን በዚያው ጊዜ ነው። በበጋ የሚቀልጠውን በረዶ አጠራቅሞ በክረምት የሚለቅ ትልቅ ማጠራቀሚያ ያለው ኩባንያ ኃይሉን በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። አምስት ሜትር ለዚህ አይበቃም። ሃያ ሁለት ሜትር ይበቃል።

ነዋሪዎቹ ለምን አልተቃወሙም?

ተቃውመዋል፤ ግን የመቃወሚያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እንዴት እንዳለፈ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ደቡብ ቲሮል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሴንት ዠርማን ውል ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለጣልያን የተሰጠ አገር ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት በጀርመንኛ ማስተማርን ከለከለ፣ የቦታ ስሞችን ቀየረ፣ አስተዳደሩንም በጣልያንኛ ብቻ አደረገ። የግድቡ ማስታወቂያ በማዘጋጃ ቤቱ የተለጠፈው በጣልያንኛ ነበር፤ ለተቃውሞ የተሰጠውም 14 ቀን ነው። አብዛኛው ገበሬ ማንበብ የተማረው በጀርመንኛ ነበር። በተባሉት ቀናት ውስጥ ተቃውሞ ያቀረበ ሰው ስላልነበረ በወረቀት ላይ ሕዝቡ እንደተስማማ ተቆጠረ።

ሌላም ነገር ነበር። በዚያው በ1939 ሂትለርና ሙሶሊኒ በተስማሙት መሠረት የደቡብ ቲሮል ሰው ወደ ጀርመን ግዛት ከመሰደድና ጣልያን ውስጥ ቋንቋውንና ባህሉን ሳይዝ ከመኖር አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ቤተሰብ ከቤተሰብ በዚህ ተጣላ። ነገ እዚህ መኖሩን የማያውቅ ሰው ስለ ውሃ ከፍታ የሚሟገትበት ልብ ከየት ያመጣል? ሥራው ሚያዝያ 1940 ተጀመረ፤ በ1943 በጦርነቱ ምክንያት ቆመ።

ከጦርነቱ በኋላ ሕዝቡ ነገሩ የቀረ መስሎት ነበር። በ1947 ኩባንያው ሥራውን እንደሚቀጥል አሳወቀ። የጎደለው ገንዘብ ከስዊዘርላንድ መጣ፤ 30 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ብድር፣ በምትኩ የክረምት ኤሌክትሪክ ለስዊዘርላንድ ማቅረብ። የደብሩ ቄስ አልፍሬድ ሪፐር ምእመናኑን ወክለው እስከ ሮም ሄደው ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ጉዳዩን አቀረቡ። ሰልፍም ተደረገ፤ አቤቱታም ተጻፈ። ውሳኔው አልተለወጠም። ከፋሺዝም በኋላ የመጣው አዲሱ የጣልያን ሪፐብሊክ በፋሺስቱ ዘመን የተሰጠውን ፈቃድ እንዳለ ማጽናቱ በእኛ አመለካከት ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው።

ምን ያህል ቤትና መሬት ጠፋ?

163 ቤቶችና 523 ሄክታር የሚታረስና ድርቆሽ የሚታጨድበት መሬት። ኩሮን ሙሉ በሙሉ፣ የሬዚያ መንደርም ትልቁ ክፍሏ ሰጠሙ፤ በዙሪያው የነበሩ ትናንሽ መንደሮችም አብረው ሄዱ።

ከቤቱ ይልቅ የኑሮውን መሠረት ያናጋው የመሬቱ መጥፋት ነው። በተራራ አገር ከብት የሚያረባ ገበሬ ሁለት ዓይነት መሬት ያስፈልገዋል። አንዱ ከፍታው ላይ ያለው የበጋ ግጦሽ ነው፤ ሁለተኛው በሸለቆው ወለል ያለው ሜዳ ሲሆን በበጋ ታጭዶ ለረጅሙ ክረምት ድርቆሽ የሚሆነው እሱ ነው። ከላይ ያለው ግጦሽ በውሃው አልተነካም። ድርቆሹ የሚገኝበት ሜዳ ግን ስለጠፋ ከብቱን ክረምት የሚያሻግር መኖ አልነበረም። ስለዚህ ከብቱ ተሸጠ፤ ከብት የሌለው ሰው ደግሞ አዲስ ቤት ቢሰጠው እንኳ እዚያ የሚያኖረው ነገር የለውም። ብዙ ቤተሰብ አካባቢውን ለቆ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የቀሩት መጀመሪያ በቫሌሉንጋ ሸለቆ መግቢያ በተሠሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች ገቡ፤ በኋላ ከድሮው ቦታ ከፍ ብሎ አዲሷ ኩሮን ተሠራች። የተከፈለው ካሳ ሌላ ቦታ እርሻ ለመግዛት የሚበቃ አልነበረም።

ማማው ብቻ ለምን ቀረ?

የደወል ማማው የተሠራው በ1357 ስለሆነ በቅርስነት የተጠበቀ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሕንጻ ግን ያ ጥበቃ አልነበረውም። የመጨረሻው ቅዳሴ ሐምሌ 9 ቀን 1950 (ሐምሌ 2 ቀን 1942 ዓ.ም.) ተቀደሰ፤ ሐምሌ 18 ደወሎቹ ወረዱ፤ ከዚያ በሳምንቱ ሕንጻው በፈንጂ ፈረሰ።

ማማው ዛሬ የኩሮን ማዘጋጃ ቤት ዓርማ ላይ ከውሃ ብቅ ብሎ ተሥሏል።

በክረምት ደወሉ ይሰማል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ማማው ውስጥ ደወል የለም። በክረምት ሐይቁ ላይ የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የበረዶው ነው፤ ሰፊ የበረዶ ንጣፍ ሲሰነጠቅና ሲላቀቅ የሚያወጣው ረጅም ጉምጉምታ ማንንም ያስደነግጣል።

ከውሃው በታች ሙሉ ከተማ አለ?

የለም። ቤቶቹ ከሙሌቱ በፊት ፈርሰዋል። በ2021 የጸደይ ወራት ለጥገና ሲባል ውሃው በጣም ሲቀንስ የታየው የግድግዳ መሠረት፣ የምድር ቤት ቅሪት፣ የድንጋይ ደረጃና ፍርስራሽ ነው። በመስኮቱ ዓሣ የሚያልፍበት ቤት የሚያሳይ ሥዕል ካዩ የሠዓሊው ምናብ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የተከማቸ ደለልም አብዛኛውን ሸፍኖታል።

ማማው ውሃ ውስጥ ቆሞ እንዴት አይፈርስም?

ጥገና ስለሚደረግለት። ትልቁ ጠላቱ ውሃው ራሱ ሳይሆን የውሃው መውጣትና መውረድ ነው። ውሃ በድንጋዩ መጋጠሚያ ይገባል፤ ደረጃው ሲወርድ እርጥቡ ግንብ ለብርድ ይጋለጣል፤ ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ኖራውን እየፈለቀቀ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከዚህ ላይ የበረዶው ንጣፍ ከጎን ይገፋዋል። በ2009 የታዩት ስንጥቆች ተጠግነዋል።

ግድቡና ማመንጫው እንዴት ነው የሚሠሩት?

ግድቡ የአፈር ግድብ ነው፤ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ከሳን ቫለንቲኖ በላይ ይገኛል። ሣር ለብሶ ተፈጥሯዊ ጉብታ ስለሚመስል ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው ያልፈዋል። ውሃው ኃይል የሚያመነጨው ግን እዚያ አይደለም። ከሐይቁ በዋሻ ተወስዶ ግሎሬንዛ አጠገብ ወዳለው ማመንጫ ይወርዳል። ግሎሬንዛ 907 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የከፍታው ልዩነት 590 ሜትር ያህል ነው።

የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 590 ሜትር ሲወርድ በውስጡ ያለው ጉልበት 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በቧንቧ፣ በተርባይንና በጄኔሬተር የሚባክነው ሲቀነስ 1.4 አካባቢ ይቀራል። በ120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲባዛ አንድ ሙሉ ሐይቅ ወደ 168 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። ያው ውሃ ወርዶ በካስቴልቤሎ ሁለተኛ ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ማመንጫዎቹን ዛሬ የሚያስተዳድረው አልፔሪያ የተባለ የአካባቢው የኃይል ኩባንያ ነው።

የሐይቁ መጠን ለምን ይለዋወጣል? መቼ ብንሄድ ይሻላል?

ክረምቱን ሙሉ ውሃው ለኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐይቁ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ነው። ከዚያ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ እስከ ሐምሌ ድረስ ይሞላል።

ፎቶው ላይ ያዩትን ማማ፣ ማለትም በሙሉ ውሃ የተከበበውን፣ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይሂድ። በጸደይ የሄደ ሰው ማማው በጭቃ ሜዳ ላይ ቆሞ ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙዎች በዚህ ያዝናሉ። እኛ ግን ታሪኩን ለማወቅ ለሚሄድ ሰው ጸደይን እናስቀድማለን፤ የሜዳው ስፋት፣ ያ ሁሉ የድርቆሽ መሬት፣ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ያኔ ነው። ጭቃው ላይ ግን አይውረዱ። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ መስሎ ከሥሩ ለስላሳ ደለል ሊሆን ይችላል፤ እግር እስከ ጉልበት ከገባ ብቻውን የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው።

በክረምት በበረዶው ላይ እስከ ማማው በእግር መሄድ ይቻላል?

ሐይቁ በደንብ ሲረጋ ሰው ይሄድበታል፤ የበረዶ ሸርተቴና በነፋስ የሚጎተት ስኪም ይጫወቱበታል። ነገር ግን ይህ ከተፈጥሮ ሐይቅ የበለጠ አደገኛ ነው፤ ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። ክረምቱን ውሃው ስለሚቀንስ ንጣፉ ዳር ዳሩን ድጋፍ አጥቶ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ መሀሉ ጠንካራ ሆኖ ዳሩ ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከቫሌሉንጋ የሚወርደው የካርሊኖ ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገባው እዚያው ኩሮን ጋ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ባለበት በረዶው ይሳሳል። ሦስተኛ፣ የማማው ድንጋይ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚሞቅ ዙሪያውን ያለው በረዶ ከሌላው ቀድሞ ይለቃል።

በአጠቃላይ የሚሠራበት ልክ ለአንድ እግረኛ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ነው። ነጭና አረፋ ያለው በረዶ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ስለሚያንስ እጥፍ ውፍረት ያስፈልገዋል። በማጠራቀሚያ ሐይቅ ላይ ግን ውፍረቱን ለክቶ ብቻ መተማመን አይገባም። የአካባቢው ሰዎች የሚሄዱበትን መንገድ ይከተሉ፤ በጣልያንኛ ፔሪኮሎ ወይም በጀርመንኛ ገፋር የሚል ምልክት ካለ አደጋ ማለት ነውና አይውረዱ፤ ከመጋቢት ወዲህ ደግሞ ጨርሶ ይተዉት። በረዶው ከተሰበረ በመጡበት አቅጣጫ ዞረው ክንድዎን ንጣፉ ላይ ዘርግተው በእግርዎ እየቀዘፉ ይውጡ፤ ሲወጡ አይቁሙ፣ በደረትዎ እየተሳቡ ይራቁ። የድንገተኛ አደጋ ስልኩ 112 ነው።

እንዴት ይኬዳል? ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ከቦልዛኖ በባቡር ሜራኖ፣ ከሜራኖ በቬኖስታ ሸለቆ ባቡር ማሌስ፤ ይህ የመጨረሻው መስመር 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከማሌስ ወደ ሬዚያ የሚሄደው አውቶብስ ኩሮን ላይ ያወርዳል። የሸለቆው ባቡር ለሥራ ሲቆም ምትክ አውቶብስ ስለሚመደብ የዕለቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ ማየት ነው። በመኪና የሚመጣ ሰው ከጣልያን በኩልም ሆነ ከኦስትሪያዋ ላንዴክ ቢመጣ መንገዱ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ያልፋል፤ ማማው ፊት ለፊት የመኪና ማቆሚያ አለ።

ጣልያን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ሦስቱም በሼንገን ውስጥ ናቸው። የአንዱ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱንና ፈቃዱን ይዞ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ መቆየት ይችላል። ዋናዎቹን ይያዙ፤ በድንበሩ አካባቢ ፍተሻ ሊያጋጥም ይችላል፤ የስልክ ፎቶ አይበቃም። ፈቃዱ በእድሳት ላይ ሆኖ ደረሰኝ ብቻ የያዘ ሰው ከጣልያን በኩል መጥቶ በዚያው ቢመለስ ይሻላል።

ጥሩ ፎቶ በስንት ሰዓት ይነሳል?

ጠዋት። ከመኪና ማቆሚያው ወደ ምዕራብ ስለሚያዩ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ናት። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከፊት ይመጣና ማማው ጥላ ብቻ ይሆናል። ነፋሱም ቀን እየገፋ ሲሄድ ስለሚበረታ የማማው ምስል በውሃው ላይ የሚገኘው በማለዳ ነው።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ። በ1940 የግድቡ ሥራ ሲጀመር ያው መንግሥት ኢትዮጵያን በወረራ ይዞ ነበር። በዚያው አውራጃ በብሩኒኮ ከተማ በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመ የአልፒኒ (የጣልያን የተራራ ጦር) ወታደር ሐውልት አለ፤ የቆመውም ማይጨው ላይ ለተዋጋው የፑስቴሪያ ክፍለ ጦር መታሰቢያ ነው። በቦልዛኖም አምባ አላጌ የሚባል መንገድ አለ። የኩሮንን ማማ ሊያዩ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን በእነዚህ ስሞች አጠገብ ያልፋሉና ከየት እንደመጡ ቢያውቁ መልካም ነው። በሌላ በኩል በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድባችን የተሠራው ጣልያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው፤ እዚያም ውሃው የሸፈነው የሰው እርሻ ነበር።

በአንድ ቀን ምን ምን ይዳረሳል?

ማማው ለብቻው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለዚያ ብቻ መምጣት ለረጅሙ መንገድ አይመጥንም። በሐይቁ ዙሪያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ በእግር አራት ሰዓት፣ በብስክሌት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት። በየዓመቱ ሐምሌ የሩጫ ውድድር የሚደረገውም በዚሁ ዙር ነው። መንገዱ በግድቡ ላይ ስለሚያልፍ 22 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ በዓይን ይታያል። ከሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ ሲያዩ በጠራ ቀን 3,905 ሜትር ከፍታ ያለው የኦርትለር ተራራ ይታያል። በአዲሷ ኩሮን ውስጥ ከውሃው ከፍ ብሎ የቀረውን ትንሹን የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ማየት ይገባል፤ የድሮዋን ከተማ ፎቶዎች የያዘውን የአካባቢውን ሙዚየም ደግሞ ክፍት የሚሆንበት ቀን ስለተወሰነ አስቀድሞ ጠይቆ መሄድ ነው።

በበጋም ቢሆን ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይያዙ። በአውቶብስ የመጣ ሰው ዙሩን ከመጀመሩ በፊት ወደ ማሌስ የሚመለሰውን የመጨረሻ አውቶብስ ሰዓት ማቆሚያው ላይ አይቶ ይጻፍ፤ በእሑድና በበዓል ቀን ሰዓቱ ከሥራ ቀን ይለያል።